ከእኔ ወደ አንተ የገባው መቅኔ

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። አንተ ድሬዳዋ አድገህ፣ እኔም እዚያው ተምሬ፣ አማርኛ የሁለታችን ነበር፤ እማዬ እንደምታውቀው ከሰላምታ አታልፍም። አሁን እቤት ውስጥ በአማርኛ የሚያወራኝ የለም፤ ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። እዚህ ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ያለውን የጨርቅ ሱቅህን እሷ ትከፍተዋለች። ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ትውላለች፣ ደህና ናት።

ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ሕንድ አገር ለደም ካንሰርህ መቅኔዬን የሰጠሁህ ቀን፣ "ደሜ ካንቺ ከመጣ፣ ከእንግዲህ ወላጄ አንቺ ነሽ" ብለህ አሳቅከኝ። ተሽሎህ ሀርጌሳ ገባን። ወር ሳይሞላ ግን ለሳልህ አዲስ መድኃኒት ጀመርክ፤ በሳምንቱ መዳፍህና ውስጥ እግርህ ቀላ፣ ሽፍታው ደረትህን ወረሰ፣ ተቅማጥ ተከተለ።

የወሰድኩህ ክሊኒክ ዶክተር አልደበቀኝም። "የመድኃኒት አለርጂ ሊሆን ይችላል። ቫይረስም ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ግራፍት ቨርሰስ ሆስት የምንለው ነው፤ ያንቺ ሴሎች የአባትሽን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥረው እያጠቁት ነው። ሦስቱም ይመሳሰላሉ" አለኝ። ለሦስተኛው የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ስቴሮይድ ያስፈልጋል፤ ቫይረስ ከሆነ ግን ስቴሮይዱ ያባብሰዋል። የሳሉን መድኃኒት አቆመ፣ ከቆዳህ ናሙና ወደ ሕንድ ላከ፣ እዚያ ካሉት ሐኪሞች ጋር ተማክሮ ስቴሮይዱን ጀመረ። ሽፍታው ደበዘዘ፤ የሳሉ መድኃኒት ስለቆመ ይሁን በስቴሮይዱ አላወቅንም። ተቅማጡ አልቆመም።

እግርህን ቅባት ስቀባህ ፊቴን አይተህ፣ "ያንቺ መቅኔ ባይኖር አገሬን ደግሜ አላያትም ነበር፣ ወላሂ" አልከኝ። በአራተኛው ቀን አረፍክ።

የናሙናው ውጤት ከቀብሩ በኋላ መጣ። ከመድኃኒት አለርጂም ከግራፍቱም ጋር ይስማማል፣ ከቆዳ ብቻ መለየት አይቻልም ይላል። ዶክተሩን ደጋግሜ ጠየቅኩት። "እህቴ፣ ማንም በእርግጠኝነት አይነግርሽም" አለኝ።

አንድ ቀን መድኃኒቱ ነው እላለሁ፣ ይቀለኛል። በማግስቱ የገደልኩህ እኔ ነኝ እላለሁ። ከዚያ የወንድሜ ሰርግ ትዝ ይለኛል። ከሕንድ በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት ነበር። ተቀመጥ ብንልህ እምቢ ብለህ፣ ጭምብልህን እንዳደረግክ ቆመህ አጨበጨብክ። ያን ጊዜ በደም ሥርህ የሚሄደው ከእኔ የመጣ ደም ነበር። ታዲያ የቱን ልመን፣ አባዬ?

አላህ ይማርህ። በምን ሞተ ለሚሉኝ አላውቅም እላለሁ። ያን ቀን እንዴት እንደቆምክ ግን አውቃለሁ፤ እሱን ወደ አንተ እስክመጣ ድረስ አልረሳም።

ልጅህ