የእታለማሁ ማር

ውድ ኤዶሜ፣

ስልክ ካላነሳሽ እንግዲህ ደብዳቤ ታነቢያለሽ። ለንደን ዳር ክሮይደን፣ ጓደኛሽ ቤት ሶፋ ላይ ተጠቅልለሽ ማኩረፍሽን እናትሽ ነግራኛለች። እኔም ደህና አይደለሁም። እግሬ አልቀመጥ ብሎኛል። ቴሌቪዥን ከፍቼ ሳላይ እዘጋለሁ፤ ባስ ተሳፍሬ ሁለት ፌርማታ ሳልሄድ እወርዳለሁ።

የማቲ ሽማግሌዎች አንቺን ለእሱ ሊጠይቁ የመጡ ዕለት የሆነውን ሳስበው እስካሁን ልሳቅ ወይስ ላልቅስ እላለሁ። የማቲ አያት፣ አባባ ገብረመድኅን፣ የቀረበላቸውን ጠጅ ገፋ አድርገው (“ስኳር አለብዎት እንዴ?” ብዬ ስቀልድ ገላመጡኝ) የልጁን ዘር መቁጠር ጀመሩ። ቆጥረው ቆጥረው፣ “የአቅኚዋ የእታለማሁ ዘር ነን” ሲሉ እኔ ነኝ ከወንበሬ የዘለልኩት።

“የኛዋ እታለማሁ? ባሏ ሞቶ ርስት ሲነፍጓት መጥረቢያ ይዛ ቆላ የወረደችው? ጫካ መንጥራ መንደር ያቀናችው?”

“እሷው ናታ!”

ተቃቀፍን፣ ተሳሳምን። “ለካ ዘመዳሞች ነን!” እያልን ስንፈነድቅ እናትሽ ትሪውን እንደያዘች፣ “ታዲያ ማንን ልትጠይቁ መጣችሁ?” አለች።

ያኔ ነገሩ ገባን። እስከ ሰባት ቤት ጋብቻ የለም፤ ከእታለማሁ እስከ አንቺና ማቲ ደግሞ ሰባት አይሞላም። አንቺ ኮትሽን እየለበስሽ በር ላይ ያልሽኝ ይህን ብቻ ነው፤ “ጋሼ፣ እውነቱን አጣራልኝ። አያት እንዳትፈጥር።”

አወቅሽብኝ! ሁለት ሴት አያቶች መሃል ላይ ሰክቼ ሰባቱን መሙላት እንዴት እንዳማረኝ! ስም ሁሉ አውጥቼላቸው ነበር። ግን ቃልሽ ያዘኝ።

እንደምታውቂው ሁሉን ነገር የተማርኩት ሰው በመነዝነዝ ነው። አዲስ አበባ ደወልኩ፣ እዚህም ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። በመጨረሻ እዚሁ ለንደን ዊልስደን የሚኖሩ እትዬ ረሒማ ዘንድ ደረስኩ። ቅድመ አያታቸው ጨው ነጋዴ ነበሩ፤ እታለማሁ ቆላ የወረደችው ከእሳቸው አህዮች ጋር ነው።

“አንተ ልጅ፣ እታለማሁ የወለደችው አንዲት ሴት ብቻ ነው” አሉኝ።

“አባባ ገብረመድኅን የሚቆጠሩበት ወንዱስ?”

“እሱማ ወላጆቹ በወባ አልቀውበት መንገድ ላይ ያገኘችው ነው። አውራ ጣቷን ማር ነክራ አጠባችውና፣ በቃ፣ ልጄ ነው አለች። ማን ይጠይቃታል? መጥረቢያው በእጇ!”

እኛ ከሴቷ ነን። ወንዱ የአባባ ገብረመድኅን አያት ነው። በደም አትገናኙም!

ባስ ፌርማታው ላይ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ግን አባባ ትዝ አሉኝ። ከአገራቸው ይዘውት የመጡት ነገር ቢኖር የእታለማሁ ስም ነው። ዕድሜ ልካቸውን የኮሩባትን እናት ሄጄ ልቀማቸው? በማር የጠባም እንደ ሥጋ ልጅ ነው ካሉ ደግሞ ሰርጉ አለቀለት።

ሃክኒ አባባ ቤት በር ደርሼ ሁለቴ ተመለስኩ። በሦስተኛው እሳቸው ራሳቸው ከፍተው፣ “ወይ ግባ ወይ ሂድ፤ ጎረቤቶቼ ሌባ መስለሃቸው ፖሊስ ይጠሩብሃል” አሉኝ።

ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

“ማር ነው ያልከኝ?”

“አዎ፣ ማር።”

“አባቴ ማር አይቀምስም ነበር። እኔንም ከለከለኝ፣ ጠጅ እንኳ። ለምን ስለው፣ ‘የእናት ነው’ አለኝ።”

“እንግዲህ አባባ፣ እርስዎ ልጇ ነኝ ካሉ ልጆቹ አይጋቡም። አይደለሁም ካሉ ደግሞ...”

ሳልጨርስ በከዘራቸው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። “እናንተ ዝም ብላችሁ ተወለዳችሁ። እኛን ግን መርጣ ወሰደችን። ይህን አትርሳ።”

“አልረሳም።”

“በል ለልጅቷ ጻፍላት። ዘሯ ነኝ ብዬ ሁለተኛ አልናገርም። ኤዶምን ስጡኝ፤ የማቲ ልጆች በእሷ በኩል የእታለማሁ ዘር ይሆናሉ። ያን ጊዜ እነሱን አስቀምጬ በሙሉ አፌ እቆጥራለሁ።”

ይኸው ኤዶሜ፣ አያት አልፈጠርኩም፤ እንዲያውም ከአንድ ሽማግሌ ላይ አንዲት ወሰድኩ። እሺ ማለት አለማለት ያንቺ ነው። ሽማግሌዎቹ እሑድ እንደገና ይመጣሉ። ከመጣሽ ለአባባ ሻይ አፍይላቸው እንጂ ጠጅ እንዳትቀጂ። ላንቺ ብለው ስሟን ተዉ፤ ማሩን ግን አሁንም አይቀምሱም።

በሩን እስክታንኳኪ ድረስ ከመስኮት መስኮት የሚመላለሰው፣

አጎትሽ ጋሼ ኪዳኔ