በአባባ ማርሽ ላይ የበሳሁት ቀዳዳ

ለወንድምዓለም፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ልጅህስ፣ ባሏስ፣ ያ ጥርስ እያበቀለ እንቅልፍ ነሳን ያልከኝ የልጅ ልጅህስ? እኔን ብትጠይቀኝ አለሁ። «አለሁ» ማለቴ ሰላምታ እንዳይመስልህ፤ ክርክር ነው። እዚህ ሰው ሁሉ «የለችም» ሊለኝ ቸኩሏል።

ያ አንተ እያለህ የጀመረኝ ደረቅ ሳል አልለቀቀኝም። ጎረቤቴ ብርድ ነው አለች፤ እኔም ብርድ ነው ብዬ ከረምኩ። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ እቆምና ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ቦርሳዬን እበረብራለሁ። ኋላ ግን ቦርሳ መበርበሩም ሰለቸኝና የጣቶቼን መገጣጠሚያ የምታክመኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጣቴን እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚይዝ ነገር አደረገችልኝና ኮሪደሩን አስኬደችኝ፤ የደሜን የኦክስጅን ቁጥር ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሲቲ ስካን አስነሳችኝ። የሳንባዬ የታችኛው ክፍል ሰው የተነፈሰበት መስታወት ይመስላል።

ይኼ ከጣትሽ የተለየ በሽታ አይደለም፣ ያው ራሱ ነው አለችኝ። ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው አሉ፤ ጠላት በሌለበት ተቆጥተው ስንት ዘመን መገጣጠሚያዬን ሲያስቆጡ ኖረው አሁን ሳንባዬ ውስጥ ገብተዋል። የቆሰለው ቦታ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ እንደ ልብ አይለጠጥም። ታዲያ ዘበኛው ባለቤቱን ነከሰ በይኝ አልኳት። ሳቀች። ያመጣብኝ ይኼ ዕድሜ ልኬን ባንድ ውስጥ የነፋሁት ትራምፔት ነው ወይ ብላት፣ አይደለም አለች። ሴሎቹን የሚያበርድ መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ ያለውን ጠባሳ አይፍቅም፣ አዲስ እንዳይጨመር ግን ተስፋ አለኝ አለች። ንፊ፣ አየር ሲያንስሽ ግን አትታገዪ፣ አቁሚ አለችኝ።

ከዚያ ትንፋሽ ያጠረሽ ከመቼ ወዲህ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ወንድሜ ከባንዱ ከወጣ ወዲህ አልኩ። ራሷን ነቀነቀች። ይኼ ጠባሳ የዓመታት ነው፤ እስከዛሬ እንዴት አድርገሽ ስትነፊ ኖርሽ? አለችኝ።

 እንዴት እንደነፋሁማ አንተ ታውቃለህ!

አባባ ራሱ የደረሰው ማርሽ መጨረሻ ላይ ያለችውን ያቺን ረጅም ድምፅ ሲያስተምረን ምን እንዳለን ታስታውሳለህ? እሷን ብቻውን የሚጨርስ የለም፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይያዝለት፣ አድማጭ ስፌቱን እንዳያይ አለን። ምልክታችን ጫማ ነበር። ጫማው የተነካ ይተነፍሳል፣ የነካው ይይዛል። በኋላ በኋላ አንተ ጫማዬን በላይ በላዩ መንካት ጀመርክ። ሽማግሌው ፈሪ ሆነ ብዬ ስቄብሃለሁ። ለካ ደረቴን እየሰማህ ነው! ድምፁን ብቻህን ተሸክመህ እኔን ታስተነፍሰኝ ነበር፤ ጭብጨባው ሲመጣ ግን ሁለታችንም እጅ እንነሳለን።

በጣም ነው የተናደድኩብህ ወንድምዓለም። የእኔን ትንፋሽ ጠባቂ ማን አደረገህ? ያኔ ብትነግረኝ ያኔ እታከም ነበር። ሸፈንከኝ፣ እኔም ተሸፍኜ ታመምኩ። ይኼን ሳልልህ ብቀር ከሳሉ ይልቅ እሱ ያንቀኛል።

መሪያችን ቆጣሪው (መቼም ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ) ነገሩን ሲሰማ ለብቻዬ ጠራኝ። ለአደባባዩ ኮንሰርት የአባባን ማርሽ ሁለተኛዋ ነፊ ትንፋው፣ አንቺ እነዚያን የሚጋጩ የናስ ሳህኖች፣ ጸናጽሉን ያዢ አለኝ። በእነዚህ ጣቶች ጸናጽል! ለአንቺው ብዬ ነው አለ። ለአንቺው ብዬ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ ከእጄ የሚወስደው ነገር አያጣም። እምቢ አልኩት። ቀዩን እርሳስ አውጥቼ ረጅሟ ድምፅ መሀል ላይ የትንፋሽ ምልክት አሰመርኩ። የቆየ ማርሽ ላይ ቀዳዳ አይበሳም ብሎ ጮኸ። አባቴ የሠራውን እኔ ብበሳው አንተ ምን አገባህ? አልኩት።

በልምምዱ ነፋሁት። ምልክቱ ጋ ስደርስ ትራምፔቱን ከአፌ አወረድኩና ተነፈስኩ። አልደበቅኩም፤ ደረቴ ሲያፏጭ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀጠልኩና ጨረስኩ።  ቱባ የሚባለውን ትልቁን ጥሩምባ የሚነፋው፣ ያ በርሜል፣ ላቡን እየጠረገ እኔ እኮ እዚህች ቦታ ላይ መተንፈስ እንዳማረኝ ዕድሜዬ አለቀ አለ! ሰው በሳቅ ፈረሰ። ስንደግመው ረድፉ በሙሉ ከእኔ ጋር አወረደ፣ ከእኔ ጋር ተነፈሰ። ቆጣሪው ዘንጉን አወረደና እሺ፣ ግን ከሁለት ምት እንዳያልፍ አለ። እንኳን ሁለት፣ አራት ነው የማደርጋት!

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስትወጣ ጉልበቴ ነው፣ የልጅ ልጅም ናፈቀኝ አልከኝ፤ አመንኩህ። ድሮ ስልክ ካነሳህ ወሬህ ማብቂያ አልነበረውም፤ ዛሬ «እሺ… ደህና… እሺ» ትልና ለልጅህ ታቀብላታለህ። ትራምፔትህ ከሳጥኑ ወጥቶ እንደማያውቅ የነገረችኝ እሷ ናት። ጠዋት ጠዋት የሸሚዝህን ቁልፍ የምትቆልፍልህም እሷ ናት አሉ። እኔም ጆሮ አለኝ፤ የአባባ ልጅ ነኝ። ሐኪሟ ይኼ በሽታ በቤተሰብም ሊሄድ ይችላል፣ ወንድምሽስ እንዴት ነው ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ደህና አይመስለኝም ብዬ ወረፋ አስይዤልሃለሁ። እምቢ ካልክ መጥቼ በጆሮህ እጎትትሃለሁ፣ ደረጃው ላይ እያረፍኩም ቢሆን።

ወንበርህ አጠገቤ ባዶውን ነው፤ ማንንም አላስቀመጥኩበትም። ልጅህን ሳምልኝ፣ ሕፃኑ ጥርሱን በሰላም ያውጣ። አንተንም ፈጣሪ ዕድሜ ከነትንፋሹ ይስጥህ። ብቻ ና። ረጅሟ ድምፅ ላይ ስንደርስ ጫማ መንካቱ አሁን የእኔ ተራ ነው።

እምቢተኛዋ እህትህ