ማይክራፎኑ ክፍት ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሰፈራችን ስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጠንካራው ቡድናችን ለምን እንደተሸነፈ ስለሰጡን አጭር ማብራሪያ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሰብሳቢ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ ደህና ናችሁ? ጉሮሮዎስ እንዴት ነው? ባለፈው እሁድ ሜዳው ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲናገሩ ስለዋሉ ድምፅዎ እንዳይዘጋ ፈርቼ ነበር። መፍራት ልማዴ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ደህና ሲሆን እንኳን «ዛሬ ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?» ብዬ የምጨነቅ ሰው ነኝ። እንኳን ድምፅዎ አልተዘጋ። ማይክራፎኑም አልተዘጋ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ መንገዱ ዳር ያለሁት የአሉሚኒየምና የመስታወት ሠራተኛ ነኝ። የዋንጫ ማስቀመጫውን ሳጥን ያዘዙት እኔን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሴቶች ቡድናችን በረኛ አባት ነኝ። ያቺ እስከ እሁድ ድረስ ሜዳው ሙሉ «ማግኔት» ሲላት የነበረችው፣ ከእሁድ ወዲህ ደግሞ በእርስዎ ቸርነት «ወንፊት» የምትባለው።

ይህን ደብዳቤ ሱቁ ግድግዳ ላይም ስለምለጥፈው፣ ከዚያ የሚያነቡ፣ እሁድ ግን ያልነበሩ ሰዎች ስለማይጠፉ በአጭሩ ልንገራቸው። ቡድናችን ሊጉን አንድም ሳይሸነፍ ጨርሶ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገባ። በግማሽ ፍጻሜው የደረሰን ከጋራዡ ማዶ ያለው ሰፈር ቡድን ነበር፤ በሊጉ አምስት ለዜሮ የሸኘነው። እየሳቅን ሄድን። አንድ ለዜሮ ተሸንፈን መጣን። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ እንደነፋ እርስዎ መድረኩ ላይ ወደ ገንዘብ ያዥዎ ዞር ብለው፣ ማይክራፎኑን የዘጉት መስሎዎት፣ «ይቺ ወንፊት ጉድ ሠራችን» አሉ። ለገንዘብ ያዡ ጆሮ ብቻ እንዳሰቡት አልጠራጠርም። ድምፅ ማጉያው ግን ምሥጢር መያዝ አልለመደም። ልጄ ጎሉ ሥር ተንበርክካ ነበር የሰማችው።

ሰኞ እናቷ ዱቄት እንድትገዛ ላከቻት። ባለሱቁ «ዱቄቱ ከኔ፣ ወንፊቱ ከራስሽ» ብሎ ሳቀባት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከእርስዎ የሰማውን ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ፤ የእርስዎ ምሳር ቀደመና የሰፈሩ ተከተለ። ልጄ ዱቄቱን ትታ መጣች፣ ጓንቷን ወጥ ቤት ምስማር ላይ ሰቀለች፣ ይኸው ጓንቱ ድስት ማውረጃ ሆነ። ካልዋሸሁ ጥሩ ድስት ማውረጃ ነው። ግን ቅዳሜ የደረጃ ጨዋታ አለ። ልጄ «አልሄድም» ብላለች። «ማን ጎል ላይ ይቁም ታዲያ?» ብላት «ድስቱን ያቁሙት፤ እሱ እንኳን ቀዳዳ የለውም» አለችኝ። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ኳስ ስትይዝ የኖረች ልጅ ናት፤ እንዲህ ብላ ስትቀልድ ከምታለቅሰው ይልቅ አስፈራኝ።

እንግዲህ እርስዎ የአንድ ቡድን ሽንፈት በአራት ቃል ጨረሱት። እኔ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ስላላለፍኩ እንደዚያ አሳጥሬ መናገር አልችልበትም። ስለዚህ ጠንካራ ቡድን ለምን እንደሚወድቅ በቁጥር በቁጥር እንዳስቀምጥ ይፍቀዱልኝ።

አንድ። ጥሎ ማለፍ የአንድ ከሰዓት ነገር ነው። ሊግ ላይ ዛሬ የወደቀ በሚቀጥለው እሁድ ይነሳል፤ ዓመቱ ሲደማመር ጠንካራው ከላይ ደካማው ከታች ይሆናል። ጥሎ ማለፍ ላይ መደመር የለም። በእኔ ሥራ ጠንካራ የሚባል መስታወት አለ፤ መሃሉን በቡጢ ቢሉት ይችላል፣ ጠርዙን ጠጠር ከነካው ግን ብትንትኑ ይወጣል። ኳስ ድቡልቡል ናት የሚባለውም ለዚሁ ነው። እርስዎም ሕጉን ያውቁታል፤ የኮሚቴው ምርጫ ላይ ሰው ሁሉ ያሸንፋል ያለው ጎረቤታችን በአንድ ድምፅ ወድቆ እርስዎ ያለፉት በዚህ ሕግ ነው። ያኔ ማንም ለማንም ስም አላወጣም።

ሁለት። ሳጥኑ። ከጨዋታው በፊት አስጠርተውኝ፣ ዋንጫው ሲመጣ ሜዳ ላይ እንዳያድር ሳጥኑ ከወዲሁ ይሠራ አሉኝ። ልኩን ለመውሰድ ወደ አዘጋጆቹ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ «ማን አሸነፈ?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። «ታዲያ ምኑን ነው የምትለካው?» አለች። «ቁመቱን» ብዬ ለካሁ። የሳጥኑ ጀርባ መስታወት ይሁን፣ ዋንጫው ሁለት ይመስላል ያሉኝንም አልረሳሁም። ወሬው ልጆቹ ጋ ደረሰ። እሁድ ጠዋት ደግሞ ሰብስበው «ሄዳችሁ ዋንጫችሁን ይዛችሁ ኑ» አሏቸው፤ ላውንደሪ የሰጡትን ልብስ ይመስል። ግማሾቹ እንደበሉት ቆጠሩት፣ ግማሾቹ ብንሸነፍ ምን ልንባል ነው ብለው ፈሩ። የጋራዡ ማዶ ልጆችም ሰምተዋል። ለእነሱ ከዚህ የተሻለ ንግግር ማንም ሊያደርግላቸው አይችልም ነበር፤ በእነሱም ስም አመሰግናለሁ።

ሦስት። ብሎኬት። የመሃል ተከላካያችንን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስሟን ያገኘችው በእሷ በኩል ነፋስም ስለማያልፍ ነው። አሰልጣኙ ሊያሰልፋት ስሟን ሲጽፍ እርስዎ «ይቺ ትረፍ» አሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ዛሬ ያልተጫወተች ለመቼ ትሁን?» ቢልዎ «ለፍጻሜው!» አሉት። ፍጻሜው ሌሎች ሰዎች ሊጫወቱት ነው። ብሎኬት ግን በሚገባ አርፋለች፤ እንዲህ ያረፈ ተከላካይ በየትኛውም ሰፈር አይገኝም።

አራት። አራተኛው ስለ ዳኛው ነበር፣ ረዘም ያለ ነበር። የልጄ እናት አንብባ «ዳኛውን ተወው፤ እሱም አባት አለው» ብላ ሰረዘችብኝ።

አምስት። ተጋጣሚዎቻችን ደካማ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ደካማነቱን የሚያውቅ ሰው ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ መዝጋት። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ጎላቸው ላይ ተኮልኩለው ቆሙ። የእኛ ልጆች መቱ፣ ቋሚው መለሰ። ደግመው መቱ፣ ያው ቋሚ። ሰዓቱ ሲገፋ ሁሉም ጎል አግቢዋ እኔ ልሁን አለች፣ ማቀበል ቀረ። እርስዎም ከመድረኩ «ምቱ! ምቱ! ከየትም ምቱ!» እያሉ አገዟቸው። እነሱም ታዘዙ፣ ከየትም መቱ፤ አንዷን ኳስ ከጋራዡ ጣሪያ ላይ እስካሁን አላወረድናትም። ያን ጊዜ ማይክራፎኑ ክፍት መሆኑን በደንብ ያውቁ ነበር።

ስድስት። ጎሏ። ስትገባ አላየሁም። ኳስ ወደ ልጄ ሲመጣ ዞር ብዬ አጥሩን ነው የማየው፤ ከዚያ ከሰው ጩኸት ነገሩን እረዳለሁ። የዚያን ቀን ጩኸት አልነበረም። ዝም ሲል ዞርኩ። ኳሷ መረቡ ውስጥ ናት፣ ልጄ መሬቱን እያየች ነው። ከጨዋታው በኋላ እኔም ሄጄ መሬቱን አየሁ፣ እግሬም እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ለካ በዋዜማው ቅዳሜ ለመክፈቻ ንግግርዎ ድንኳን ሲተከል ጥላው ደስ የሚለው እዚያ ነው ተብሎ፣ የድንኳኑ ምሰሶ ጎሉ ፊት ነበር የተቆፈረው። ማታ ምሰሶው ተነቀለ፣ ጉድጓዱ ልል አፈር ለበሰ፤ የረገጠው አልነበረም። ኳሷ እዚያች ላይ ነጥራ በልጄ እጅ ላይ ዘለለች። ያገባችውን ልጅ ጠየቅኳት። «አባባ፣ እኔ እኮ ለማቀበል ነው የመታሁት» አለችኝ። ደንግጣ ነበር፣ የሰው ንብረት ሳታውቅ የሰበረች ይመስል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ነው ወንፊት የተባለው። አንድ ሳጥን፣ አንድ ያረፈች ተከላካይ፣ ሁለት ጊዜ ኳስ የመለሰ ቋሚ፣ አንድ የንግግር ድንኳን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ ነበር አባቴ። እርስዎ እንኳን አህያውን የሚፈሩ ሰው አይመስሉኝም፤ ነገሩ ራስዎ ላይ ሲደርስ ግን ማን አይፈራም?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይቺ ቁጥር የላትም። «ጥሎ ማለፍ» የሚለውን ቃል ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ምን ማለት እንደሆነ ያሰብኩበት ግን እሁድ ማታ ነው። አንዱ ሌላውን ይጥላል፣ ያልፋል። ጨዋታው ነው፣ ማንም አይቀየምም። ግን እሁድ ያን ፊሽካ የሰማ ሰው ይህንንም አይቷል፤ ጎሏን ያገባችው ልጅ ከጭፈራው መሃል ወጥታ ሜዳውን አቋርጣ መጣች፣ ልጄን በሁለት እጇ ያዘቻት፣ «ተነሺ እህቴ፣ መሬቱ ነው» አለቻት። እነሱ ጣሉን፣ አነሱን፣ ከዚያ አለፉ። እርስዎ ክቡር ሰብሳቢ፣ የራሳችን ሰው ሆነው ሳለ፣ ጥለው አለፉ።

ለዚህ ነው አንዲት ትንሽ ልመና ይዤ የመጣሁት። ቅዳሜ የተሰላፊዎችን ስም የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። በዚያው ማይክራፎን፣ ክፍት መሆኑን አረጋግጠው፣ «በረኛ፣ ማግኔት» ይበሉልኝ። ማብራሪያ አያስፈልግም፣ ይቅርታ የሚለውም ቃል ከከበደዎት ይቅር። ሁለት ቃል ናት፤ ከፊተኛዋ በግማሽ ታንሳለች።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ልፈርም ነበር። ግን ትናንት ማታ ብሎኬት ቤታችን መጣች። በር ላይ ቆማ «አንቺ፣ ውጪ!» አለች። ልጄ «ወንፊት ምን ያደርግልሻል?» ስትላት፣ «እኔ ከፊትሽ ካለሁ ወንፊት ሁኚ፣ ቅርጫት ሁኚ፣ ምን አገባኝ? ማን ሊያሳልፍልሽ?» አለቻት። ከዚያ ሁለቱም ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ ምን እንዳወሩ አልሰማሁም። መስኮቱን ከፍቼ ለመስማት ሞክሬ እናቷ ዘግታብኛለች።

ዛሬ ጠዋት እናቷ ድስት ልታወርድ እጇን ወደ ምስማሩ ብትሰድ ባዶ ነው። በቀሚሷ ጫፍ አወረደችው፣ ጣቷንም ትንሽ አቃጠለች። «የት ሄደ ይሄ ጓንት?» እያለች ብትወጣ፣ ታጥቦ ልብስ ማስጫው ላይ ተሰቅሏል፤ አሥሩም ጣት ወደ ላይ። ማናችንም አልጠየቅናትም። እኔ የፈራሁት ብጠይቅ ትመልሰው ይሆናል ብዬ ነው። እናቷ ግን የተቃጠለ ጣቷን እየነፋች ስትስቅ ዋለች።

ስለዚህ ነገሩ ተገልብጧል። እስከ ትናንት ድረስ ልጄ እንድትመጣ እርስዎ ይናገሩ ብዬ ነበር የምለምነው። አሁን ሳስበው እርስዎ ቢናገሩም ባይናገሩም እሷ ትመጣለች። ጎሏ ውስጥ ትቆማለች፣ ሰፈሩም ያያታል። ከዚያ ሰፈሩ ዞር ብሎ ማይክራፎኑን የያዘውን ያያል። ጥሎ ማለፍ ላይ አንድ ዕድል ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛ እሁድ የለም ብያለሁ። እኔ ልማዴ ነውና አሁንም እጨነቃለሁ፤ ዛሬ ግን የምጨነቀው ለእርስዎ ነው።

ስለ ንግግርዎ፣ ስለ ድንኳንዎ፣ ለብሎኬት ስለሰጧት ዕረፍትና ስላስተማሩን አጭር አማርኛ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለጉሮሮዎ ጤና፣ ለጣትዎም ማይክራፎን የመዝጋት ብልሃት እመኛለሁ።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣
የበረኛዋ አባት

ግልባጭ፦
ለባለሱቁ (ዱቄቱን ዛሬ እራሴ እወስዳለሁ)
ለገንዘብ ያዡ፣ ብቻውን ሊሰማው ለነበረው
ለጋራዡ ማዶ ቡድን፣ ከምስጋና ጋር

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሳጥኑ አልቋል። በልኩ ነው፣ አንድ ሚሊ እንኳን አልተዛባም። ጀርባውም እንዳዘዙት መስታወት ነው። ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት እንዲቆም ስላሉ ዛሬ ከሰዓት አምጥቼ አቆመዋለሁ። ያው ለጊዜው ባዶ ስለሆነ ዋንጫው ሁለት አይመስልም። እስከዚያው ግን ቡድናችንን ማን እንደጣለው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከፊቱ ቆሞ ቀና ማለት ይችላል። ጠዋት ጠዋት ቢሮ የሚገቡት እርስዎ ብቻ ስለሆኑ ብዙም ወረፋ አይኖረውም።