ባዶው የቅሬታ መዝገብ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

እሳት ማጥፊያው አለፈ። የመድኃኒት ሣጥኑ ቁልፍ አለፈ። የመጸዳጃ ቤቱ የእጅ መደገፊያ፣ የሮቶው ክዳን፣ የወጥ ቤቴ የዘይነባ የጤና ምርመራ ወረቀት፣ የዘጠኙም አዛውንቶች ፋይል፣ ሁሉም አለፈ። የጣለኝ ባዶ ደብተር ነው። እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

ከዞኑ የቁጥጥር ቢሮ የመጣችው ተቆጣጣሪ ሃዊ ትባላለች። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፤ እኔ ግን ከፍርሃቴ ብዛት አንቱ አልኳት። ቅጿን ይዛ ክፍል ለክፍል ስትዞር አረፈደችና "የቅሬታ መዝገብ አለ?" አለች። በኩራት አመጣሁላት። አሰላ ላይ ይህን የአረጋውያን ቤት ከከፈትኩ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ይህ የሚያስመሰግነኝ ይመስለኝ ነበር። ገለጠች፣ ገለጠች።

"ሲስተር ጽጌ፣ ዘጠኝ አዛውንት፣ ሦስት ዓመት፣ አንድም ቅሬታ የለም?"

"የለም፤ ተመስገን።"

"እኔ የምኖረው ከአያቴ ጋር ነው" አለችኝ። "ቁርስ ሳንጨርስ ሦስት ቅሬታ እሰማለሁ።"

ከዚያ ሁሉንም አንድ በአንድ ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። እትዬ በላይነሽ "ምን ጎድሎብን ልጄ" አሏት። ሐጂ ሁሴን አልሐምዱሊላህ አሉ። ኦቦ ቱፋ በኦሮምኛ መርቀው ሸኟት። ሌሎቹም ያው። ወጥታ ምን ብላ ጻፈች? "ነዋሪዎች ቅሬታቸውን በነፃነት የሚያቀርቡበት አሠራር መኖሩ አልተረጋገጠም።" ፈቃዱ ሳይታደስ ይቆያል። የዛሬ ሳምንት ተመልሳ ታያለች። ያኔም እንዲሁ ከሆነ ቤቱ ይዘጋና ሰዎቹ ወደ ሌላ ማዕከል ይዛወራሉ።

ሌላ ማዕከል ማለት አዳማ ነው። የእትዬ በላይነሽ ልጅ ከዚሁ ከተማ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ የኦቦ ቱፋ ወንድም ከኢተያ ገበያ በወጣ ቁጥር ብቅ ይላል። አዳማ ድረስ ማን ይሄድላቸዋል? ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ሆኜ ስሠራ በሽተኛ አላማረረም ተብሎ የተቀጣ ሰው አላየሁም። ተናድጃለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከቁርስ በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰብኩ። ነገሩን በቅንነት አስረዳሁ፤ ቢሮው ቅሬታ ይፈልጋል፣ ቅሬታ ያለው እጁን ያውጣ አልኩ።

አንድም እጅ አልወጣም።

ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ሲስተር፣ ማል ጎኔ? ምን አጠፋን? ልታባርሪን ነው?"

ለካ ሁሉም የገባቸው እንደዚያ ነው። የሚያማርረውን ለይቼ ላስወጣ መስሏቸዋል። እትዬ በላይነሽ እንባቸው ወረደ። እኔም ደንግጬ ሁሉንም እየዞርኩ ሳቅፍ፣ ስምል፣ ስገዘት ረፈደ። ስብሰባው ያበቃው እነሱ እኔን መርቀው ነው። በመዝገቡ ላይ የተጻፈ ነገር፦ ምንም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የማያኮራ ነገር አደረግሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ "ሻይ ቀዝቅዞ ቀረበ" ብዬ ጻፍኩ። በጥቁሩ፣ እጄን አጣምሜ፣ "ብርድ ልብስ ቀጭን ነው" ብዬ ጨመርኩ። በቀዩ ልጽፍ ስል ራሴን አየሁት። በዚህ ዕድሜዬ ፈተና ልኮርጅ። ገጹን ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ዘይነባ ወጥ ቤቴ ናት፤ ነገሯ ሁሉ በቀልድ ነው። ጠዋት "አንቺ ተይው፣ እኔ አስጮሃቸዋለሁ" አለችኝ። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኋትም። ምሳ ላይ ሽሮው ቀረበ። አንዴ ጎረስኩና መዋጥ አቃተኝ፤ ጨው ብቻ ነው።

ዘጠኙም በሉ። አንድም ሰው ፊቱን አላኮሳተረም። ሐጂ ሁሴን ጨርሰው "እጅሽ ይባረክ" አሏት። ኦቦ ቱፋ ደግሞ ጭማሪ ጠየቁ! ከዚያ በኋላ ግን አራት ጆግ ውኃ ተጠጣ፤ የመጸዳጃ ቤቱም መንገድ እስኪመሽ ሰው አላጣም። ዘይነባ በጓዳ በኩል ወጥታ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የደም ግፊት ያለባቸው ሦስት ሰዎች አሉ፤ ተቆጣኋት፣ ግፊታቸውንም ለካሁ። ደግነቱ ደህና ናቸው።

አራት ቀን ቀረኝ። አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ዋለ። እነዚህ ሰዎች ያንን ሽሮ እንዲህ አመስግነው ከበሉ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላ ምን አመስግነው ውጠውልኛል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሐጂ ሁሴን ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ። ድሮ እዚሁ አሰላ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ሰው ሲያስረዱ አሁንም ጨርቅ እንደሚለኩ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

"ልጄ፣ አጠያየቅሽ ነው የተበላሸው" አሉኝ። "ያበላንን፣ ያጠበንን ሰው ፊት ለፊት 'ይሄ ጎደለኝ' ይባላል? ነውር አይደለም? እኔ በሱቄ ደንበኛ የከፋው እንደሆነ ጎረቤት ልኮ ነበር የሚያሰማኝ። ሰው መሀል ይግባ።"

"ታዲያ ማን ይግባ ሐጂ?"

"እድር የለሽም? እድር ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው። እኛም እናቋቁም። አንቺ ግን አትኖሪም። ዘይነባም አትኖርም።"

እንዴት አላሰብኩትም! እዚህ ከተማ ውስጥ ሰው ሁሉ እድር አለው፤ በእድር ስብሰባ ላይ ደግሞ የማይናገር ሰው አላውቅም፤ ዝምተኛ የምትሉት ሁሉ እዚያ ሲደርስ ጠበቃ ነው። ከምሳ በፊት ምርጫ ተካሄደ። ሐጂ ሰብሳቢ ሆኑ። እትዬ በላይነሽ ጸሐፊ፤ ጡረታ እስኪወጡ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ፣ ጽሕፈታቸውም የተለቀመ ነው። ኦቦ ቱፋ ሥርዓት አስከባሪ ተባሉ፤ ከዘራ ስላላቸው ይመስለኛል። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ያረፈደ ይቀጣል ተብሏል። የት ሄደው እንደሚያረፍዱ እንጃ፣ ሁሉም የሚኖሩት እዚሁ ነው!

ዓርብ፣ ኅዳር 12

በሦስት ሰዓት እኔና ዘይነባ ከግቢያችን ተባረርን። ኦቦ ቱፋ በሩን ዘጉብን። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን፤ ነፋሱ ከጭላሎ በኩል ይወርዳል፣ ነጠላዬን ሁለቴ ጠቀለልኩት። አንድ ሰዓት አለፈ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ክርክር ነው። ሳቅ። እንደገና ክርክር። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ተከፈተና እትዬ በላይነሽ መዝገቡን በሁለት እጃቸው አምጥተው ሰጡኝ። ቀና ብለው አላዩኝም።

አሥራ አራት ቅሬታ! ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዘለልኩ፤ ባለሱቁ ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት ጠየቀኝ። ከዚያ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ሬዲዮኑ ሲስተር የምትወደው ጣቢያ ላይ ብቻ ነው የሚከፈተው። (እውነት ነው።) የረቡዑ ሽሮ ጨው በዝቶበታል። (ዘይነባ አጨበጨበች።) ዘመድ ሲመጣ ሲስተር አጠገብ ስለምትቀመጥ ማውራት አይቻልም። የሶላት መታጠቢያው ውኃ በዚህ ብርድ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ሐጂ በየማለዳው እጃቸው ላይ እፍ እፍ ሲሉ አይቻለሁ፤ ምን ያስቸግር ነበር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ ማሞቅ? ዘጠነኛው፦ ሲስተር እንደ ሕፃን ታናግረናለች። አነበብኩት፣ ደገምኩት። ፊቴ ጋለ።

አሥራ አራተኛው እንዲህ ይላል፦ "ማታ የመኝታ ቤቱ በር ከውጭ ይቀረቀራል። እሳት ቢነሣ ማን ያወጣናል?"

እውነት ነው። የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ኦቦ ቱፋ ማንም ሳያያቸው ወጥተው በኢተያ መንገድ ላይ ተገኙ፤ ወጣት ሳሉ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበሩና ወደ ሥራ እየሄዱ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሽቱ ከውጭ መቀርቀሪያ እጥላለሁ። ለደህንነታቸው ብዬ ነው፤ ብዙም አላሰብኩበትም። ሃዊ የመጣችው በቀን ስለሆነ በሩ ክፍት ነበር።

ይህን ማን እንዳስመዘገበ አልጠየቅኩም። ኦቦ ቱፋ ራሳቸው መጡ። "እኔ ነኝ ያልኩት፣ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "እኔን እሰሪኝ ግድ የለም፤ አንዳንዴ ይጠፋኛል። በእኔ ሰበብ ስምንት ሰው መታሰሩ ግን ከበደኝ።"

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መቀርቀሪያውን ራሴ ፈታሁት። አራት ብሎን። አንዱ ዝጎ አስቸገረኝ፣ ዘይነባ በመዶሻ ገላገለችኝ። ሐጂ አልጋቸውን ወደ በሩ አስጠጉ፤ ለሶላት ማልደው ስለሚነሡ እንቅልፋቸው ቀላል ነው። ከገበያ የከብት ቃጭል ገዝቼ በሩ ላይ አንጠለጠልኩ፤ ሲከፈት እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። ኦቦ ቱፋ አሥር ጊዜ ያህል እየከፈቱ እየዘጉ ሞከሩት፤ ቤቱ በረት መሰለ፣ ሁሉም ሳቀ።

ሌላም የተሠራ፦ የሶላት ውኃ ከዛሬ ጀምሮ በማለዳ ይሞቃል። ሬዲዮኑ ለእድሩ ተሰጠ። ዘመድ ሲመጣ እኔ ጓዳ ነኝ። ዘጠነኛውን እየሞከርኩ ነው፤ ዛሬ ሁለቴ ረስቼ "በሉ የኔ ቆንጆዎች" አልኩና ምላሴን ነከስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

እትዬ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀስ ብለው፣ "ሲስተር፣ ከፈለግሽ በአዲስ ደብተር ልገልብጠው፤ ያቺን የመጨረሻዋን ትቼ። ነገሩ እንደሆነ ተስተካክሏል" አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ይህ ሐሳብ አብሮኝ ዋለ። በሩን ከውጭ መቆለፍ ከደንብ ጥሰቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ደንቡን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሃዊ ያላየችውን እኔው በእጄ ላሳያት? ቤቱ በዚያ ቢዘጋስ? ዘጠኙም አዳማ ቢሄዱስ? በሌላ በኩል ደግሞ ሰዎቹ በስንት ጭንቅ አንድ ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ። ያንን ብሰርዝ ከእንግዲህ ማን ይነግረኛል?

አመሻሽ ላይ "ይቆይ እትዬ፣ እንዳለ ይቆይ" አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሃዊ አራት ሰዓት ላይ መጣች። መዝገቡን ሰጠኋትና እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። ከላይ ጀምሮ አነበበች። ጨው የሚለው ጋ ፈገግ አለች። አሥራ አራተኛው ጋ ስትደርስ ቆመች። ደግማ አነበበችው።

"በሩን ያሳዩኝ።"

አሳየኋት። አራቱን የብሎን ቀዳዳዎች በጣቷ ነካች። "እኔ ባለፈው ሰኞ ይህን አላየሁም" አለች። "ለምን ነገሩኝ?"

"እኔ አልነገርኩም፤ እነሱ ናቸው" አልኳት።

ኦቦ ቱፋን በኦሮምኛ አነጋገረቻቸው፤ ረጅም ወሬ ነበር፣ ቃጭሉንም አስጮኹላት። ከዚያ ሐጂ እድሩን ሰበሰቡና እኔ ወጣሁ። ሃያ አምስት ደቂቃ! ሃዊ ስትወጣ ጆሮዋ ቀልቷል። ሻዩ ላይ ቅሬታ፣ ፍራሹ ላይ ቅሬታ፣ በሷም ላይ ቅሬታ፦ ባለፈው ሰኞ አንድ በአንድ ለብቻ የጠራቻቸው ፖሊስ ይመስል ነው አሏት። አያቷን ጭምር አስረሷት መሰለኝ።

በሩ ላይ ቆማ ግን ፊቷ ቁም ነገር ሆነ። "ሲስተር፣ መቀርቀሪያውን ሪፖርት አደርጋለሁ፤ መደበቅ አልችልም። ውሳኔው የእኔ ብቻ አይደለም።"

"አይደበቅ" አልኳት። ከሄደች በኋላ ግን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ምንም። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ። እድሩ ተሰብስቦ የቅጣት ደንብ አጸደቀ፤ የመጀመሪያዋ ተቀጪ እኔ ነኝ። ኦቦ ቱፋን "ጎሽ የኔ ጀግና" ብዬ ስላጨበጨብኩላቸው። ቅጣቱ፦ ለሁሉም ሻይ በእጄ ማፍላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ታደሰ! ታደሰ ታደሰ ታደሰ!

ሃዊ ራሷ አመጣችው። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ በመቀርቀሪያው ምክንያት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ይገባኛል፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። ሁለተኛው ፈቃዱ። ነዋሪዎች በራሳቸው የሚመሩት የቅሬታ አቀራረብ መኖሩ ተረጋግጧል፣ ጥሰቱን ያጋለጡትም ራሳቸው ናቸው፣ ይላል። ዘይነባ እልል አለች፤ ባለሱቁ ሮጦ መጣ። ሐጂ "አላሁ አክበር"፣ እትዬ በላይነሽ "ስምህ ይመስገን"፤ እኔ ሁለቱንም አልኩ መሰለኝ።

ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ሳሎን አነበብኩላቸው፤ ማስጠንቀቂያውንም አላለፍኩም። መጨረሻው ላይ በዓመቱ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሳይነገረን በማንኛውም ሰዓት፣ በምሽትም ጭምር፣ ሊመጣ ይችላል ይላል። ኦቦ ቱፋ እጃቸውን አወጡ።

"በምሽት ከመጡ በሩን ማን ይከፍትላቸዋል?"

እኔ እንጃ፣ አላሰብኩበትም አልኳቸው።

"እኔ እከፍታለሁ" አሉ። እድሩ አጸደቀ፣ እትዬ በላይነሽም መዘገቡት።

አሁን ሊመሽ ነው። ከዛሬ በኋላ ኦቦ ቱፋ ወጥተው አይጠፉም ብዬ ልምል አልችልም፤ ቃጭሉን ባልሰማስ የሚለው ፍርሃት አልለቀቀኝም። ዘጠኙም ግን እዚሁ ናቸው፣ ነገም እዚሁ ናቸው። ደስ ብሎኛል።