ለብረቱ ባለቤት፣ ስለ ቀኝ ትከሻዬ

ጎንደር፣ ቁስቋም
ጥር ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.

ለተከበሩ ባላምባራስ ሰጠኝ በላቸው
የብርቱ ክንድ ስፖርት ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ትከሻዎ፣ ክርንዎ፣ ወገብዎ ሁሉ ደኅና ነውን? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ከቀኝ ትከሻዬ በቀር ምንም አልል። ማኅበርዎ ማስታወቂያውን ሁሉ በገበያው መግቢያ ስለሚለጥፍ፣ ይህም ደብዳቤ ከጎኑ ቢለጠፍ ክብርዎን ከፍ እንጂ ዝቅ አያደርገውም ብዬ በአደባባይ ጽፌልዎታለሁ።

የማያውቀኝ አንባቢ ቢኖር፣ እኔ በቁስቋም ደብር የማገለግል ደብተራ ወልደኢየሱስ ነኝ። አቋቋሙን ያስተማሩኝ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ናቸው። ሰባ ዘመን አልፏቸው ክንዳቸው ስለ ደከመ፣ በኅዳር ስድስት፣ በደብራችን ክብረ በዓል፣ ከበሮውን ከአንገታቸው አውርደው በእኔ አንገት ሊያጠልቁልኝ፣ ከዚያም ወዲያ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሊሰሙኝ በካህናቱ ፊት ቃል ገብተውልኝ ነበር። ይህ ቃል በአንድ ብረት ምክንያት እንዴት እንደ ቀረ፣ ቅሬታዬን በየተራው አቀርባለሁ።

አንደኛ። የዘውድ በዓል በተከበረበት በጥቅምት ሃያ ሦስት፣ ክቡርነትዎ ከተሰባበረ የጣሊያን ማኪና የተነቀለ ወፍራም የብረት ዘንግ በሜዳው ላይ አስቀምጠው ጎበዞችን ሲያፎካክሩ፣ ከዚያ ሁሉ ተመልካች መካከል እኔን ለይተው በማየትዎ ያደረብኝ ደስታ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ውስጥ አለ። «ደብተራ ከጠላ ዋንጫ በቀር ምን ያነሳል!» ብለው ሕዝቡን ማሳቅዎም ለቤተ ክህነት ያለዎትን ፍቅር የሚገልጥ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። ጊዜው ጾመ ጽጌ መሆኑንና ከዋዜማው ጀምሮ እህል አለመቅመሴን ቢያውቁ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ባሳቅሁዎ ነበር።

ሁለተኛ። ብረቱ እንዴት እንደሚነሳ ማኅበርዎ ለማንም አለማስተማሩ፣ ሰው ሁሉ በገዛ መንገዱ እንዲሰበር ነጻነት መስጠትዎ ነውና ይህም ያስመሰግንዎታል። እኔ በዕድሜዬ ያነሳሁት ከባድ ነገር ከበሮ ብቻ ነው፤ ከበሮ ደግሞ ማንገቻው ተይዞ ሽቅብ ተወርውሮ በአንድ ትከሻ ይጠለቃል። ሌሎቹ ብረቱን በሁለት እጃቸው ከደረታቸው ሲገፉት፣ እኔ እንደ ለመድሁት ከበሮ አድርጌ ወደ ቀኝ ትከሻዬ ወረወርሁት። ተነሳልኝ፤ ሕዝቡም አጨበጨበልኝ፤ ጭብጨባው ጥሞኝ ደገምሁት። ሁለተኛውን አንሳ ያለኝ ማንም አልነበረም።

በማግሥቱ ክንዴ ከደረቴ በላይ አልሄድ አለኝ። ከኮላ ድባ የመጡት ወጌሻ፣ አያ ውዱ፣ «ወልቋል» ብለው በቅቤ ቢያሹት ያላበጠውም አበጠ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ እንደ ነገረኝ፣ በትከሻ አጥንትና በጅማቱ መካከል ጥቂት ውኃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት አለች፤ እርሷ ናት የተቆጣችው። እንዳይታሽ፣ ሸክም እንዳይነካው፣ በሙቅ ውኃ ጨርቅ እንዲተኮስና ቁጣዋ ሲበርድ ጣቶቼን በግድግዳ ላይ ሽቅብ እንዳስኬድ አዘዘኝ። ባለቤቴ ይመኙሽ የእኔን ድርሻ እንጨት ፈልጣ፣ የራሷን ውኃ ቀድታ ስትገባ፣ ባሏን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በጣቶቹ ሲወጣ ታገኘዋለች። «ጣሪያው ጋ ከደረስህ እግረ መንገድህን ጥላሸቱን ጥረግልኝ» ትለኛለች። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ሦስተኛ። ይህን ቅሬታ በእርስዎ ላይ ልጽፈው ደጋግሜ ብሞክር ብዕሬ ወደ እኔ እየዞረ አስቸገረኝ። ኅዳር ስድስት ደረሰ። ከእኔ በታች ያሉት ተማሪዎች ለከበሮው ገና ነበሩ። መሪጌታ በነጠላ የታሰረ ክንዴን አይተው፣ ማንገቻውን እንደ ገና በራሳቸው አንገት አጥልቀው፣ ታቦቱ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ መቱ። እኔ በግራ እጄ ጸናጽል ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ላቡ ከጥምጥማቸው ሥር ሲወርድ አያለሁ፤ ልጠርግላቸው ብል ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። በዚያው ላባቸው ብርድ መታቸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ጥምቀትንም ሰው ሁሉ ሲወርድ እርሳቸው ቤት ዋሉ።

ልጠይቃቸው ስገባ አልገሠጹኝም። «ምነው ልጄ፣ ብረቱ ከከበሮው ይልቅ ሸጋ ድምፅ ነበረው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እንዲህ ከሚሉኝ በመቋሚያቸው ቢሉኝ በወደድሁ። ከአልጋው ሥር ያለውን ጫማቸውን ሳየው ዋልሁ።

ክቡር ሆይ፣ ያላገጡ እርስዎ ነዎት፤ የታበይሁት ግን እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሉኝ ይህን አስቀድሜ መናገሬ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮ ተሰቅሎ ይከርማል፤ መሪጌታም ሳይሰቀል አንድ ጊዜ ስመታ ቢሰሙኝ ሌላ እንደማይመኙ ነግረውኛል። በአስተርእዮ ማርያም ሞከርሁት፤ ማንገቻው ትከሻዬን ገና ሲነካኝ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ መልሼ አወረድሁት። የእኔን ትከሻ ሐኪሙ ይድናል ይላል። የእርሳቸውን ነገር ስጠይቀው ግን አስተርጓሚው እንኳ አንገቱን ይደፋል።

ስለዚህ ካሣ አልጠይቅዎም። ለሚመጣው በዓል ሰውን በሳቅ ከማስነሳትዎ በፊት አነሳሡን እንዲያስተምሩት፣ ጊዜ ሲያገኙም እኒያን ሽማግሌ አልጋቸው ድረስ መጥተው እንዲጠይቁ ብቻ በትሕትና እለምናለሁ።

ዕድሜዎን እንደ ብረትዎ ያጽናልን፤ ጡንቻዎንም እንደ አንደበትዎ ያበርታልን እያልሁ፣ እጅ የምነሳው በግራ እጄ ነው፤

የማኅበርዎ የአንድ ቀን ጀግና፣
የመሪጌታ ሐብተ ማርያም የማይገባቸው ደቀ መዝሙር፣
ደብተራ ወልደኢየሱስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብረቱ ከሜዳው መጥፋቱንና የወሰደው ሰው እንዲመልስ ያወጡትን ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። አልጠፋም። ለደብራችን የተሰጠ ስጦታ ቢሆን ነው ብለን፣ ይመኙሽና ጎረቤቶቿ ያለ አንዳች ጭብጨባ ተሸክመው አምጥተውት፣ በደብሩ ግቢ ወይራ ላይ ተሰቅሎ ደወል ሆኗል። የቀድሞው የድንጋይ ደወላችን ድምፅ ከመሪጌታ አልጋ አይደርስም ነበር፤ የእርስዎ ብረት ይደርሳል። የሰቀልነው ክንዴ በሚደርስበት ቁመት ነው፤ ክንዴ በበረታ ቁጥር ገመዱን እናሳጥረዋለን። ጠዋት ጠዋት በቀኝ እጄ ስደውለው፣ መሪጌታ ከአልጋቸው ሆነው «ዛሬ ከትናንት ይሻላል» ይላሉ አሉ። ብረቱ ሸጋ ድምፅ ነበረው ወይ ላሉኝም አሁን መልስ አግኝቼላቸዋለሁ፤ አለው። ብረቴ ይመለስ ካሉም ድምፁን ተከትለው ይምጡና ከእርሳቸው ያስፈቅዱ፤ ብቻ የሚያነሳልዎ ሰው ይዘው ይምጡ፤ እርስዎ ራስዎ ሲያነሱት እስከ ዛሬ ያየ የለምና።