ከበሩ ኋላ የሰቀልሻቸው ክሮች

ደባርቅ፣ ጥቅምት

ለውድ ባለቤቴ ለአትጠገብ፤

ብዕር ያነሣሁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ከሱቅሽ በር ኋላ ሰቅለሻቸው የነበሩትን ክሮች አይጥ አልበላቸውም፤ የፈታኋቸው እኔ ነኝ። ለልጃችን ለስንዱ የነገርኋት ውሸት ነው። ከእርሷ በፊት ለአንቺ መናዘዝ ስለሚገባኝ አስቀድሜ ለአንቺ ጻፍሁ።

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ጉሙ እንደ ቀድሞው ማለዳ ሳይጠሩት ይገባል። የስፌት መኪናሽም ከመስኮቱ ሥር እንዳለች ናት፤ ፔዳሏ ቀኝ እግርሽ ያርፍበት በነበረው በኩል ተልጦ ያበራል። አሁን የምትረግጣት ስንዱ ናት። ዐርባሽ እንደ ወጣ፣ ጎንደር ትሠራበት ከነበረው ልብስ ስፌት ቤት ዕቃዋን ጠቅልላ መጥታ ሱቅሽን ከፈተች። እናትሽ ዳባት ላይ በእጅ መርፌ ጀምራ ለአንቺ ያወረሰችው ሙያ ወደ ልጃችን ተሻገረ ብዬ ኮራሁ።

ስትሠሪ አይቼሽ አላውቅም ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ልክ ሲያስወስዱ ወንድ ከመጋረጃው አይቀርብም ነበርና፣ እኔ ከደጅ ተቀምጬ ደብተር ሳርም ሳቃችሁን ብቻ እሰማ ነበር። ታፔላሽን የጻፈው ሠዓሊ ፊደል እየገደፈ ሦስት ጊዜ ያስደመሰስሁበትን ቀን ታስታውሺያለሽ? አንቺ ግን፣ ፊደል ላስቆጥርሽ ባልሁሽ ጊዜ ሁሉ፣ «የኔታ፣ እርስዎ ፊደልዎን ይያዙ፤ እኔ ክሬን እይዛለሁ» ትይኝ ነበር። እንደ ጨዋታ ቈጥሬ አልፈው ነበር።

ለዐርባሽ ዘመድ ከመሰብሰቡ በፊት ሱቁን ላሰናዳ ገባሁ። ከበሩ ኋላ፣ ከአንድ ምስማር ላይ፣ ብዙ ክር ተንጠልጥሎ አየሁ። በእያንዳንዱ ጫፍ ቁራጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ክሩም እዚህም እዚያም ተቋጥሯል። ከሥራ የተረፈ መሰለኝ። ሥርዓት የለመደ እጄ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ቋጠሮውን በጥፍሬ ፈታሁ፤ ቁራጭ ጨርቁን ጠርጌ ጣልሁ፤ ክሩን በአንድ ላይ ጠቅልዬ እንደ ኳስ አድቦለቦልሁት። ብታይልኝ ምን ያህል ደስ ይላት ነበር ብዬ ማሰቤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ስንዱ በመጣች ሳምንት፣ «አባባ፣ እማዬ የሰቀለቻቸውን ክሮች አይተዋል? የሴቶቹ ሁሉ ልክ እኮ እነሱ ላይ ነው» አለችኝ። ያደረግሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዋሽታችኋል እያልሁ ሠላሳ ስድስት ዓመት ልጆች ያንበረከክሁ ሰው፣ «አይጥ ሳይበላቸው አይቀርም» አልሁ። ኳሱ ከአልጋዬ ሥር ከሣጥን ውስጥ ነበር። ልጅሽም አባቷ ዋሽቶ አያውቅምና አመነችኝ።

ስፌቷ ከአንቺ ስፌት አያንስም፤ ይህን ስል አትቀየሚኝ። ዐዳዲሱን የቀሚስ ዓይነት በስልኳ ታሳያቸዋለች፤ ይወዱታል። ነገር ግን በሜትር ትለካለች፤ የለካችውን በደብተር ስትጽፍም ቁጥሩን በአፏ ትጠራለች። አንድ ቀን ከዛሪማ የምትመጣው የጥንት ደንበኛሽ፣ እመት ጥሩነሽ፣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ይህን ሁሉ ዘመን ስታለብሰኝ የወገቤን ነገር ለክሯና ለፈጣሪዋ ብቻ ነበር የምትነግረው። አንቺ ለገበያው ሁሉ ልታነቢው ነው? እንደ እህል አትስፈሪኝ!» አለቻት። ደጅ የነበሩት ሳቁ። ስንዱም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ከዚያ ወዲህ ደንበኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። በክር ልለካ ብትል ደግሞ ቋጠሮው ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚነበብ አታውቅም፤ «ስትመጪ አሳይሻለሁ» ብለሻት ነበርና። ባለፈው እሑድ፣ የጥምቀት ቀሚስ የሚያሰፋ ሰው እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልመጣ ሱቁን ዘግታ ወደ ጎንደር እንደምትመለስ ነገረችኝ።

ትናንት ሣጥኑን ከፍቼ ኳሱን ተረተርሁት። ከእምብርቱ አንድ ክር ወጣ። ያን ቀን ጥፍሬም ጥርሴም አልፈታው ብሎኝ፣ እንደ ነበረ አድርጌ ኳሱን የጀመርሁበት ክር ነው። አራት ቋጠሮ አለው። ጫፉ ላይ ያለው ቡናማ ቁራጭ፣ ጡረታ ስወጣ የሰፋሽልኝ፣ አሁንም የለበስሁት ኮት ጨርቅ ነው።

አትጠገቤ፣ ልኬን ሳትለኪ በልክ መስፋትሽን ስደነቅበት ኖሬአለሁ። ለካ የመጨረሻውን ፈተና ሳርም ከኋላዬ መጥተሽ ትከሻዬን ነካ ያደረግሽኝ በክር ስትለኪኝ ኖሯል። ዝንብ መስሎኝ እጅሽን መታሁት፤ አንቺም እየሳቅሽ ሸሸሽ።

ኮቴን አውልቄ ከጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና ክሩን አስተኛሁበት። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ የትከሻዬ ስፋት ነው፤ ዳግመኛ ከጫፉ ሲነሣ እስከ ሁለተኛው የደረቴ እኩሌታ፤ እስከ ሦስተኛው የእጅጌዬ ርዝመት፤ እስከ አራተኛው የኮቱ ቁመት። ማንበብ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ የአንቺን ጽሕፈት ትናንት ገና አነበብሁ።

ነገ ማለዳ ይህን ደብዳቤ ከክሩና ከኮቱ ጋር ከስፌት መኪናሽ ላይ አኖራለሁ። የፈታኋቸውን መልሼ መቋጠር አልችልም። ስንዱ ግን ከዚህ ከአንዱ ተምራ፣ ለእመት ጥሩነሽ ዐዲስ ክር መጀመር ትችላለች፤ ወደ ዛሪማ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለሴትዮዋ የምነግራት ራሴ ነኝ። ያ ምስማር ዳግመኛ ባዶ እንዳይሆን በቀረው ዕድሜዬ እጠብቀዋለሁ፤ አንቺንም በእርሱ አስብሻለሁ።

ልጄ ምን እንደምትለኝ አላውቅም፤ ፊቷን እያየሁ ለመስማትም ድፍረት አጣሁ። ስለዚህ እስከ ኅዳር ጽዮን ዋዜማ መልሷን በጽሑፍ እንድትሰጠኝ አንቺ ለምኝልኝ። ቃሉ ከከበዳት አንድ ክር ቋጥራ ከኮቴ ኪስ ትክተትልኝ፤ አነበዋለሁ።

የኔታ ትይው የነበረው ባልሽ