ከጎርፉ መስመር በታች

ኅዳር 9፣ ሰኞ። ሱቅ።

ዳቦ ዘግይቶ ገባ። ሹፌሩን ተቆጣሁት። ሳቀ። እዚህ አገር ሲቆጧቸው ይስቃሉ።

ደንበኛ እስኪመጣ ለእድሩ ደንብ «የጎርፍ ሜዳ» የሚለውን ቃል ትርጉም ጨረስኩ። እንዲህ ጻፍኩት፦ ወንዝ ሲሞላ የሚተኛበት መሬት፤ ውሃው ለዓመታት ባይመጣበትም የወንዙ ነው። የመጨረሻዋ ሐረግ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ የለችም። እኔ ጨመርኳት። ትቆይ።

አንተ ማስታወሻ፣ ይህን ሥራ እንዳልወደድኩት ታውቃለህ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ሰፈራችን አሌክሳንድራ ውስጥ ወንዝ ዳር ያሉ የአበሻ ሱቆችን ከጎርፍ አልሸፍንም አለ። እድራችን ተቆጣ። እስከ ዛሬ ለቀብርና ለአስከሬን መላኪያ ብቻ ሲያዋጣ የኖረ እድር፣ አሁን የራሴን የጎርፍ ካሳ አቋቁማለሁ ይላል። ደንቡን ማን ይጻፍ? ጋሽ ላምቤቦ አሉ፣ እኔን። እንግሊዝኛ በራሱ የተማረ፣ ሥራ የሌለው ሽማግሌ። ሥራ አለኝ። ኮረብታው ላይ ሱቅ አለኝ፣ ከባንኮኒው ወዲህ ማንም የማያልፍበት።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ። ከሰዓት።

ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድኩ። በታክሲ፣ ተጨናንቄ። ወጣት ሠራተኛ፣ ሹል ጫማ፣ ባባ እያለ። ባባህ አይደለሁም አልኩት። ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ መልሶ ባባ አለኝ።

ግን የሚያውቀውን አልደበቀም። ይጻፍለት። ጎርፍ ማለት ከውጭ ተነስቶ በመሬት ላይ የሚመጣ ውሃ ነው። ቧንቧ ፈንድቶ ቤት ቢሞላ ሌላ አንቀጽ ነው። «ኤክሰስ» የሚሉት፣ ድርጅቱ ካሳ ከመክፈሉ በፊት ባለንብረቱ ራሱ የሚችለው ድርሻ። ጻፍኩ። የመቶ ዓመት ጎርፍ ደግሞ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞ ሊደግም ይችላል። ታዲያ ለምን እንዲህ ብላችሁ ጠራችሁት አልኩት። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም አለ። ማንም ያውጣው፣ ሰውን የሚያዘናጋ ስም ነው።

ኅዳር 13፣ ዓርብ።

የማዘጋጃ ቤቱን ካርታ ይዤ ወንዝ ዳር ወረድኩ። የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ይደርስበታል የተባለው መስመር ከልጄ ከምሕረት ሱቅ በላይ ያልፋል። ብዙ በላይ። ጥግ ላይ ካለው የመብራት ምሰሶ አጠገብ።

ባሏ ታምራት ከሱቁ ጀርባ የግንብ ፍርስራሽና አፈር ደፍቶ ግቢውን ወደ ወንዙ አስፍቷል። እያስጎበኘ ኮራብኝ። ይህ የተከለከለ ነው፤ የውሃውን መንገድ ስትሞላው ውሃው ጎረቤትህ ላይ ይዞራል። ነገርኩት። የጀርባውን መስኮት ደግሞ ሌባ ፈርቶ በብረት በይዶታል። የቀረው አንድ በር ነው። እሱም በቀን እንኳ ይቆለፋል፤ ሽያጩ በፍርግርጉ በኩል ነው። እዚያ ውስጥ ከነሕፃኗ ይተኛሉ። እዚህ ያለ የአበሻ ሱቅ ሁሉ ሌባን ብቻ አስቦ ነው የሚሠራው። ስለ መውጫው የሚያስብ የለም።

ታምራት፦ እኛ ሳንመጣ ትልቁ ጎርፍ አንዴ መጥቷል አሉ፣ እንግዲህ መቶ ዓመት እረፍት ነው አባባ። የሹል ጫማውን ልጅ ማብራሪያ ደገምኩለት። ስኳር መመዘኑን ቀጠለ።

ምሕረት ሕፃኗን ታጠባለች። ስወጣ ብቻ፣ ላይ ሰፈር ለእኛ ማን ያከራያል አባባ አለችኝ። ካርታውን አጥፌ ሄድኩ።

ኅዳር 15፣ እሑድ።

ዱርንፎንቴን ሰፈር ባለው የጸሎት አዳራሽ፣ ከጸሎት በኋላ፣ የእድር ስብሰባ። ረቂቁን አነበብኩ። አንቀጹ ግልጽ ነው፦ ከመቶ ዓመቱ የጎርፍ መስመር በታች ላለ ሱቅ እድሩ ካሳ አይከፍልም። ጉምጉምታ። ሊቀመንበሩ ዳንኤል፣ ጋሼ፣ ኢንሹራንሱ ቀጠረህ እንዴ አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ወ/ሮ አስቴር ተነሳች። የእድሩን ድንኳንና ወንበር የምትይዘው ናት። ድምጿ ማይክ አይፈልግም። «ሰው ሲሞትብን የት ሞተ፣ ለምን ሞተ ብለን ነው ድንኳን የምንተክለው? ሰክሮ ቢሞትም እንቀብረዋለን። አንተ ላይ ተቀምጠህ ለታች ሰው መስመር ታሰምራለህ።»

የራሱ ልጅም ታች ናት አለ አንዱ ከኋላ። አውቃለሁ አልኩ። ስለማውቅ ነው የጻፍኩት።

አንቀጹ ይውጣ አሉ። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። መስመር የሌለው ደንብ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ።

ምሕረት ደወለች። አላነሳሁም። የምትለውን አውቀዋለሁ።

የአስቴር ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ተሳስታለች። ሞት ለላዩም ለታቹም ይመጣል። ውሃ የሚመጣው ለታቹ ብቻ ነው። ይህን እዚያው ማለት ነበረብኝ። የመጣልኝ ሱቄ ከገባሁ በኋላ ነው። ይህም አናደደኝ። ዘይት የጠየቀችኝን ደንበኛ ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት። ሀዉ፣ ባባ ብላ ትታኝ ሄደች። ዘይቱንም አልገዛች።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ። ከቀኑ 11 ሰዓት አልፏል።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆነ። ዘግቼ ወረድኩ። ስወርድ አንድ ጊዜ ወደቅሁ።

ተርፈዋል። መጀመሪያ ይህ ይጻፍ።

ውሃው የመጣው ከጀርባ፣ አፈሩን ይዞ ነው። ታምራት በጨለማው ሱቅ ውስጥ ቁልፍ ሲፈልግ ወገቡ ደረሰ። ምሕረት ባንኮኒው ላይ ወጥታ ልጇን ከራሷ በላይ ይዛ በፍርግርጉ ትጮሃለች። የጎረቤታቸው የማማ ኖምሳ ወንዶች ልጆች ናቸው በሩን ከውጭ በብረት ፈልቅቀው ያወጧቸው። ከኛ ሰው አንድም አልነበረም። እኔ ስደርስ ምሕረት ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር፣ ሕፃኗ በማማ ኖምሳ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ። ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ ፍሪጁ፣ ሁሉም ሄዷል።

ስመለስ በመብራት ምሰሶው በኩል አለፍኩ። ጎርፉ አጠገቡም አልደረሰም። ይህ ትልቁ አይደለም ማለት ነው። ይህ ትንሹ ነው።

አስቴር መጥታ ወሰደቻቸው። እኔ አልጠየቅኳትም። ምሕረትም እኔን አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 22፣ እሑድ።

እድሩ ለታምራት ዕቃ ሊገዛለት ወሰነ። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሱቅ። የጀርባው መስኮት ብየዳ ግን ይፈታል አሉ። ጥበባቸው እስከዚህ ነው። ሁሉም እጁን አወጣ። እኔ አላወጣሁም።

ተነስቼ ተናገርኩ። እዚያ የምታስቀምጡት ዱቄት የወንዙ ነው። ላይ ይዛወሩ፣ ያኔ እጄን አወጣለሁ።

ታምራት ብድግ አለ። አማቼ ሰው ፊት ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነው። «አባባ፣ ላይ፣ ላይ ትላለህ። በየቤቱ አንኳኩቻለሁ። ለመጤ የሚያከራይ አንድ ሰው አሳየኝና ዛሬውኑ ልውጣ።»

ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። አስቴር ብቻ፣ ያለ ወትሮዋ ድምጿን ቀንሳ፣ ጋሼ አንተ ያለህበት ሱቅ ሦስት ሰው አያስተኛም ወይ አለች።

ድፍረት ነው። ተቀመጥኩ። ምሕረት ወለሉን ታያለች። አንዴ እንኳ ቀና አላለችም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ። ሱቅ፣ ከዘጋሁ በኋላ።

ዕቃው ነገ ጠዋት ይጫናል አሉ። ዛሬም ደመና አለ።

የምተኛበትን የኋላ ክፍል አየሁት። ሣጥኖቹ ቢወጡ አልጋና የሕፃን መተኛ ይገባል። ሌላ ሰው እስኪያሳየኝ ጠበቅሁ እንጂ ድሮም ይገባ ነበር። ሣጥኖቹን አወጣሁ። ግማሾቹ ባዶ ናቸው። ለምን እንዳስቀመጥኳቸው አላውቅም።

የቤቱን ባለቤት አነጋገርኳት። ልጅህ እንዳንተ ጸጥተኛ ከሆነች ግድ የለኝም አለች። አይደለችም። ታምራትማ ጭራሽ አይደለም። አልነገርኳትም። ለእኔ ሂልብሮው ሰፈር ውስጥ ያገሬ ሰው የሚጋራው ክፍል አለ፣ አንድ አልጋ ክፍት ነው። ሰውዬው ያንኮራፋል። ይሁን።

ደንቡን እድሩ እንደወደደ ያውጣው፣ አንቀጹን ግን ከረቂቄ አልሰርዝም። ትክክል ነው። አስቴር አሸነፈችኝ ብላ እንዳታወራ ይህንንም እዚሁ ጻፍኩት።

ዕቃው ወደ ታች ሳይወርድ የሱቄን ቁልፍ ለምሕረት እሰጣለሁ። ለታምራት አይደለም። እሱ አካፋ ይይዛል፤ ከወንዙ ላይ የደፋውን አፈር አብረን እናነሳዋለን፣ ወደደም ጠላም። ምሕረት ቁልፉን አልቀበልም ትላለች። የኔ ልጅ ናት፣ ትላለች። እንግዲያው በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ዳቦው መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ ዞር ሳልል ወደ ታክሲው እሄዳለሁ። ሰው የሌለበት ክፍት ሱቅ ትታ መሄድ አትችልም። እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳት።